የሌለውን መጾም

ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ለጌም ኮምፒውተር ያጠራቀምኩት ብር እጄ ላይ ሟሸሸ። ቡራዩ ቤቴ ያለችው አሮጌ የቢሮ ዴል ናት። ፓወር ሰፕላይዋ ደካማ ስለሆነ የመረጥኩላት ግራፊክስ ካርድ ጂቲኤክስ 1650 ነው፤ ያውም ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገውን፣ ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው 75 ዋት የሚሠራውን። ዓይኔ ግን ከተመኘሁት ትልቅ ካርድ አልተነቀለም።

ሁዳዴ ነበር። «እማዬ፣ ገንዘብ አጥቶ መተው ጾም ይባላል?» አልኳት።

ሽሮዋን እያማሰለች «ሥጋ የሌለውስ አይጾምም?» አለችኝ።

ሌሊቱን አሰብኩበት። ድሃው 55ቱን ቀን የሚተወው ሥጋውን አይደለም፤ ታዲያ ምኑን ነው? ምኞቱን ይሆን? እንዲያ ከሆነ እኔ ገና አልጀመርኩም፤ ስልኬ ላይ የትልቁን ካርድ ፎቶ እያየሁ ነበርና። መብራት ጠፋ። የስልኬ ባትሪ 9 በመቶ ቀርቶታል።