የሸክላ ሠሪዋ ልጅና የኢያኢሮስ ልጅ



የምኵራብ አለቃ የነበረው ኢያኢሮስ የ12 ዓመት ልጁ ልትሞትበት ስለ ሆነ በጌታችን እግር ሥር ወድቆ እንደ ለመነው ቅዱስ ማርቆስ ይተርክልናል (ማር 5፥21-43)። ጌታችን ወደ ቤቱ በደረሰ ጊዜ በቃሉ የሳቁበትን ሁሉ አስወጣ፤ የብላቴናይቱንም እጅ ይዞ አስነሣት፤ የምትበላውንም እንዲሰጧት አዘዘ።

ይህንን ታሪክ ለልጆች ለማስተማር የሚረዳ «ተአምር ሠሪው» የተባለ ፊልም አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የጌታችንን ሕይወት ለመላው ቤተ ሰብ የሚተርክ ሥራ ነው። በውስጡ የምናያቸው ሰዎች በእጅ የተሠሩ ትንንሽ አሻንጉሊቶች ናቸው። የአሻንጉሊቶቹ ክፍል በሞስኮ፣ በሥዕል የተሠራው ክፍል ደግሞ በዌልስ ተዘጋጅቷል። ትረካው የኢያኢሮስን ልጅ ተከትሎ ይሄዳል፤ ወንጌሉ ስሟን አይነግረንም፤ ፊልሙ ግን ትዕማር ብሎ ይጠራታል።

የአገራችን ልጆች «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ያወቋት ቀጭኔ የተንቀሳቀሰችው የሰው እጅ በውስጧ ገብቶ ነበር። በዚህ ፊልም ግን አሠራሩ ሌላ ነው። ባለሙያው የአሻንጉሊቱን ክንድ በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል፤ እጁን ያነሣል፤ አንድ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ እንደ ገናም በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል። በሲኒማ በአንድ ሴኮንድ 24 ምስሎች ስለሚያልፉ ለአንድ ደቂቃ ትርኢት 1,440 ምስሎች ይቆጠራሉ። ኢያኢሮስ አንድ ጊዜ ተንበርክኮ እስኪነሣ ድረስ ባለሙያው ስንት ጊዜ እንደሚያጎነብስ መገመት ይቻላል። እጁ ግን በፊልሙ ውስጥ ከቶ አይታይም።

ፊልሙን ለትምህርተ ክርስቶስ ልጆች ባሳየን ቀን ይህንን አሠራር ገለጽንላቸው። አንዲት ልጅ፣ «እናቴም እንዲህ ናት፤ ጭቃውን ትነካዋለች፣ እጇን አንሥታ ታየዋለች፣ ደግሞ ትነካዋለች» አለች። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት። ወዲያው ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ ሳቁንም ተከትሎ በአገራችን ሸክላ ሠሪዎች የሚሰደቡበት ያ ክፉ ቃል ወጣ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኛም ሰምተን እንዳልሰማ ሆነን ትምህርቱን ቀጠልን። ዝምታችን ከሳቁ ይልቅ እንደ ጎዳት የተረዳነው በሚቀጥለው ሳምንት ቦታዋ ባዶ ሆኖ ባየነው ጊዜ ነው። ጌታችን የሚስቁትን ከብላቴናይቱ ፊት አስወጣ፤ እኛ ግን ሳቁ እንዲቀመጥ ፈቅደን ብላቴናይቱን አስወጣን።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በአጅባርም ሆነ በመካነ ሰላም ገበያ ሸክላ ስንገዛ እንዴት ነው? ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን እያንኳኳን፣ ድምፁን እያዳመጥን እንመርጣለን። በምጣዱ የተጋገረውን እንጀራ እንበላለን፤ በጀበናው የፈላውን ቡና እንጠጣለን። ሠሪዋን ግን በማዕዳችን ለማስቀመጥ እናመነታለን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጆችን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ ካወጡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ስድቡ ግን ዛሬም በልጆቻችን አፍ አለ። ልጆችም ይህንን ከትልቆች እንጂ ከማንም አልተማሩትም።

ቅዱስ መጽሐፍ ምን ይላል? እግዚአብሔር ሰውን ከምድር አፈር አበጀው (ዘፍ 2፥7)። ነቢዩ ኤርምያስም የእግዚአብሔርን ቃል እንዲሰማ የተላከው ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ነበር (ኤር 18)። በዚህ ግን አንሳሳት፤ እኛ በእግዚአብሔር እጅ ያለን አሻንጉሊቶች አይደለንም። አሻንጉሊቱ እንቢ ማለት አይችልም፤ ሰው ግን የሕይወት እስትንፋስንና ነጻ ፈቃድን ተቀብሏል። ስለዚህም በሳቅንበት ሳቅና ዝም ባልንበት ዝምታ እንጠየቃለን።

የኢያኢሮስ ልጅ ታሪክ የሚያበቃበትን ቦታ ደግሞ እንመልከት። ወዲያው በምዕራፍ 6 ጌታችን ወደ ገዛ አገሩ ይመጣል፤ ሰዎቹም እንጨት ጠራቢነቱን ጠቅሰው ይንቁታል። ሙታንን ያስነሣችው እጅ መጥረቢያ የያዘች እጅ በመሆኗ ተናቀች። ፊልሙም ጌታችንን መጀመሪያ የሚያሳየን በግንባታ ቦታ በሥራ ላይ ሳለ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ የሥራ ክብር የሚመዘነው በሥራው ዓይነት ሳይሆን ሠሪው ሰው በመሆኑ እንደ ሆነ አስተምረዋል። እንግዲህ ባለ እጅን የሚንቅ ሁሉ በናዝሬት ሰዎች መካከል እንደ ቆመ ይወቅ።

ወደ ልጅቷ ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። እናቲቱ እጇ በጭቃ እንደ ተነከረ አዳመጠችንና፣ «አባ፣ እኔስ ለምጄዋለሁ፤ ለልጄ ግን አይልመድባት» አለችን። ከዚህ የበለጠ ስብከት አልሰማንም። ልጅቷ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰች፤ ነገር ግን በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

ውድ መምህራን፣ በየቁምስናችሁ በበሩ አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ማን ነው? ያ ክፉ ቃል በክፍላችሁ በተሰማ ጊዜ ትምህርቱን አቁሙ፤ የዕለቱ ትምህርት እርሱ ነውና። ውድ ወላጆች፣ ቃሉን ከቤታችሁ አውጡ። ጌታችን ያስነሣትን ልጅ የምትበላውን ስጧት ብሎ ማዘዙን አንርሳ። በማዕዳችን ቦታ ካልሰጠናት ትእዛዙን ገና አልፈጸምንም።

ሁላችንን ከአፈር ያበጀን አምላክ እርስ በርስ የምንከባበርበትን ጸጋ ይስጠን። አሜን።