የማያበራው የሚያበራውን ይመግበዋል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በሌሊት ወደ ሰማይ የሚመለከት ሰው የሚያየው የሚያበራውን ብቻ ነው። ከዋክብትን ያደንቃል፤ በመካከላቸው ያለውን ጨለማ ግን ባዶ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ዳሩ ግን ጋላክሲ በሚባሉት ታላላቅ የከዋክብት ጭፍሮች ዙሪያና መካከል እጅግ የሳሳ ጋዝ ተዘርግቶ ይገኛል። ሊማን ስፒትዘር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ የእኛን ጋላክሲ ትኩስ ጋዝ እንደሚከብበው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. ጽፎ ነበር። የጋዙ የራሱ ብርሃን እጅግ ደካማ ስለ ሆነ በቀጥታ ለማየት ያስቸግራል። ታዲያ በምን ይታወቃል? ከበስተኋላው በሚመጣ ብርቱ ብርሃን ነው። ኳዘር የሚባሉ እጅግ ሩቅ ብርሃናት አሉ፤ ጨረራቸው ወደ እኛ ሲመጣ በጋዙ ውስጥ ያልፋል። ሊቃውንቱም ያን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ዘርግተው ሲመረምሩት በየስፍራው ጐድሎ ያገኙታል። ሃይድሮጅን የሚያጐድለው ሌላ፣ ኦክሲጅን የሚያጐድለው ሌላ ነው፤ ስለዚህ ከጐደለው ብርሃን የወሰደው ይታወቃል።

ከእነዚህ ምልክቶች ዋና ዋናዎቹ የሚገኙት ዓይናችን በማያየው፣ አልትራቫዮሌት በሚባለው ብርሃን ውስጥ ነው። ይህንንም ብርሃን የምድር አየር ስለሚከለክለው መሣሪያው ከአየር በላይ መውጣት ነበረበት። በዚያው አቈጣጠር በ1990 ዓ.ም. ወደ ጠፈር በወጣው በሀብል ቴሌስኮፕ ላይ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ መሣሪያ በ2009 ዓ.ም. ተተከለ። በእርሱም የተደረገው ምርምር አዳዲስ ከዋክብት በሚወለዱባቸው ጋላክሲዎች ዙሪያ ብዙ ኦክሲጅን መኖሩን በ2011 ዓ.ም. ገለጠ። ኦክሲጅን በከዋክብት ውስጥ የሚሠራ ነውና፣ ከዋክብት ያፈሩት ወደ ውጭ እንደሚወጣ በዚህ ይታወቃል። ጋላክሲዎችም ከውጭ ጋዝ እየተቀበሉ ከዋክብትን ይወልዳሉ፤ የሚቀበሉት ቢቋረጥ ውሎ አድሮ መውለዳቸው ይቀራል። እኛ ከምናውቀው ተራ ቁስ አካል በከዋክብት ውስጥ ያለው ከዐሥር አንድ እጅ አይሞላም፤ የሚበዛው በማያበራው ጋዝ ውስጥ ነው።

ይህን የምንናገረው ለሃይማኖታችን ማስረጃ ከመሣሪያ ለመለመን አይደለም፤ እግዚአብሔርን በቴሌስኮፕ ያየው የለም። ነገር ግን ፍጥረት ለሚያስተውል ሰው መምህር ነው።

ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ተራራ ብቻውን የቀረ መስሎት አዝኖ ነበር። የሚያበራ ስላላየ እስራኤል ባዶ ሆነ አለ፤ እግዚአብሔር ግን ለበኣል ጣዖት ያልሰገዱ 7000 ሰዎች እንዳሉት ነገረው። መጽሐፍ ቍጥራቸውን እንጂ የስማቸውን ዝርዝር አልሰጠንም።

ዛሬም በቤተ ክርስቲያናችን የሚሰማው የመሪጌታው ድምፅ፣ የሚታየውም የሰባኪው ፊት ነው። ለመገበሪያ የሚሆነውን ስንዴ አንድ በአንድ የለቀመችውን እናት፣ ዘቢቡንና ጧፉን ከዕለት ጉርሷ ከፍላ ያመጣችውን መበለት ግን ማን ስሟን ጠይቆ ያውቃል? ስንዴው ባይለቀም ኅብስቱ ከወዴት ይቀርብ ነበር?

እንግዲህ በዐውደ ምሕረት ቆመን የምናስተምር ሁላችን ራሳችንን እንመርምር። ብርሃኑ ከራሳችን የወጣ ከመሰለን፣ በስውር የሚጸልዩልንንና የሚመግቡንንም ከናቅን፣ የምንቀበለውን በገዛ እጃችን አቋርጠናልና ለጊዜው ብናበራ እንኳ ፍሬያችን ይነጥፋል። አንተም ማንም አላየኝም፣ ማንም አልቈጠረኝም ብለህ በስውር መልካም መሥራትን ልትተው የምታስብ ወንድሜ ሆይ፤ አለመታየትህን አለመኖር አታድርገው። በመጨረሻው ቀን እውነተኛው ብርሃን በሁላችን ውስጥ ያልፋል፤ በዚያን ጊዜ የሰጠነውም ያጐደልነውም ይገለጣል። በዚያች ሰዓት ከማፈር ይሰውረን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።