ሹም ራሱን ሳይለውጥ ቤቱን ይለውጣልን?



«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይላል የአገራችን ሰው። ሰው ከሚመስለው ጋር መሆንን እንደሚመርጥ ምሳሌው በሚገባ ይገልጣል። በጉርብትናና በማኅበር ኑሮ ይህ ዝንባሌ ብዙ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ሰውን የመቅጠር፣ የማሳደግና የማሰናበት ሥልጣን በእጁ ያለ አለቃ በዚሁ ዝንባሌ ሲመራ ግን የአንዱ ዘመድነት ለሌላው እንጀራ ማጣት ይሆናል። ርእሰ መምህሩም፣ የክሊኒኩ ኃላፊም፣ የቁምስናው ምክር ቤት ሰብሳቢም በየፊናቸው ይህ ፈተና ይገጥማቸዋል።

እንግዲህ እንጠይቅ። አንድ አለቃ ማንንም ሆን ብሎ ካልበደለ ፍትሕን ፈጽሞአልን? ወይስ በቋንቋ፣ በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት ወይም በአካል ሁኔታ ከእርሱ የሚለዩ ባልደረቦቹ እኩል ስፍራ እንዲያገኙ እርሱ ራሱ ሊለወጥ ይገባዋልን?

በመዘንጋት የሚደረግ በደል

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 በኢየሩሳሌም የነበረችው የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን የገጠማትን ችግር ይተርክልናል። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ምእመናን መበለቶቻቸው በዕለታዊው የምግብ እደላ ቸል ስለተባሉ በዕብራውያኑ ላይ አጉረመረሙ። መጽሐፉ መበለቶቹ በክፋት ተከለከሉ አይልም፤ ተዘነጉ ነው የሚለው። ይሁን እንጂ የተዘነጋች መበለት ረኃቧ ሆን ተብሎ ከተከለከለችው ረኃብ አያንስም።

ሐዋርያት ያጉረመረሙትን «ምስጋና ቢሶች» ብለው ዝም አላሰኙአቸውም፤ «እኛ ሁሉንም እኩል እንወዳለን» በማለትም ነገሩን አላለፉትም። ሕዝቡ ሰባት ሰዎችን እንዲመርጥ አደረጉ፤ በተመረጡትም ላይ ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። የሰባቱም ስም የግሪክኛ ነው፤ ከመካከላቸውም ኒቆላዎስ የአንጾኪያ ሰው ሆኖ ከአሕዛብ ወደ አይሁድ እምነት የገባ ነበር። ስማቸው እንደሚጠቁመው የእደላው ኃላፊነት የተሰጠው ቅሬታ ላቀረበው ወገን ቅርብ ለሆኑ ሰዎች ነው። ቅሬታው የተመለሰው በርኅራኄ ቃል ብቻ ሳይሆን ሥልጣንን በማካፈል ነበር ማለት ነው።

ዛሬም በየመሥሪያ ቤታችን የሚደርሰው በደል አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ዓይነት ነው። የሥራ ማስታወቂያ በግቢው ውስጥ ብቻ ከተለጠፈ የሚያነቡት የሠራተኞቹ ዘመዶች ናቸው። ስብሰባ ሁልጊዜ ከመሸ በኋላ ከተጠራ ሕፃን ልጅ ያላት እናት ሐሳቧን የምትሰጥበት ጊዜ አይኖራትም። ቢሮው ፎቅ ላይ ሆኖ መወጣጫው ደረጃ ብቻ ከሆነ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ከደጅ ይመለሳል። እነዚህን ሰዎች ማንም አልከለከላቸውም፤ ነገር ግን አልገቡም። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው የአገራችን አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች የሚያዝዘው፣ በሩን ክፍት መተው ብቻውን ስለማይበቃ ነው።

የማንን ፊት እንፈራለን?

የአለቃ መለወጥ በአንድ ቀን የሚፈጸም አለመሆኑን ከቅዱስ ጴጥሮስ ሕይወት እንማራለን። በኢዮጴ ሳለ ሦስት ጊዜ በተደጋገመ ራእይ እግዚአብሔር ያነጻውን ርኩስ እንዳይል ተማረ። ከዚያም ወደ ቂሣርያ ሄዶ ከሮማዊው የመቶ አለቃ ከቆርኔሌዎስ ቤት ገባ። ሊያስተምር የሄደው ሐዋርያ በመጀመሪያ ራሱ ትምህርት ተቀበለ፤ እግዚአብሔር ለሰው ፊት እንደማያዳላም መሰከረ።

ይሁን እንጂ ቅዱስ ጳውሎስ በገላትያ መልእክቱ ምዕራፍ 2 እንደሚነግረን፣ ይኸው ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ከሆኑት ክርስቲያኖች ጋር አብሮ ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች በመጡ ጊዜ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ራሱን ለየ። የእርሱን አርአያ ተከትለው ሌሎቹም፣ በርናባስ እንኳ ሳይቀር፣ እንዲሁ አደረጉ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ጴጥሮስ እውነቱን አልረሳም፤ የጎደለው እውቀት ሳይሆን በገዛ ወገኖቹ ፊት የመጽናት ድፍረት ነበር። ሁለተኛ፣ አለቃ ከማዕድ ሲነሣ ብቻውን አይነሣም፤ ቤቱን ሁሉ ይዞ ይነሣል።

በሥራ ቦታም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ከሁሉ ጋር በፍቅር የሚሠራ ኃላፊ፣ ወንድሙ ወይም ያገሩ ልጅ ሥራ ፈልጎ በመጣ ዕለት ይፈተናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚሉት ዘመዶቹ እምቢታውን እንደ ክህደት ይቆጥሩበታል። በእርግጥም ያለ አድልዎ የሚመራ ሰው ኩርፊያና ሐሜት ይደርስበታል፤ ይህን ዋጋ ለመክፈል ያልተዘጋጀ አለቃ እኩልነትን ቢሰብክ ቃሉ አይጸናም። ጳውሎስም ጴጥሮስን በሁሉ ፊት ገሠጸው። እንግዲህ አለቃ በመንፈስ የሚያድገው ከበታቹ ያለው ሰው ሳይፈራ ሊያርመው የሚችልበትን ቦታ ሲያዘጋጅ ነው።

ለዚህ በአገራችንም አርአያ አለን። ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1800 በኢጣልያ ተወልደው በ1839 ወደዚህ ምድር መጡ። ሕዝቡ እርሳቸውን እንዲመስል አላስገደዱም፤ እርሳቸው ቋንቋውን ተማሩ፣ የሕዝቡን አኗኗር ኖሩ፣ የግእዙንም ሥርዓተ አምልኮ ተቀበሉ። በዕድሜ የሚበልጡአቸውን ኢትዮጵያዊ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤልን በ1851 ቅስና ሾሙአቸው። በ1860 አርፈው በሄቦ የተቀበሩት እኚህ አባት በ1975 ቅድስናቸው ታወጀ። ከመምራታቸው በፊት ተማሪ ሆነው ነበርና ሕዝቡ የራሱ አድርጎ ተቀበላቸው።

ችሎታስ?

«ሥራ የሚሰጠው በችሎታ ነው፤ ለየወገኑ ማሰብ ብቃትን ያጓድላል» የሚል ሰው ይኖራል። ሐሳቡ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ ለሕሙማን መድኃኒት የሚያድል ሰው ሙያውን ሊያውቅ ግድ ነው። መስፈሪያው ለሁሉ አንድ ይሁን፤ ነገር ግን ሊሰፈሩ የሚገባቸው ሁሉ ወደ መስፈሪያው ደርሰዋልን? ችሎታን ከልብ የሚፈልግ አለቃ ከሚያውቃቸው ጥቂቶች መካከል ብቻ አይመርጥም። ደግሞም ልዩነትን ማክበር ማለት እምነትን መደበቅ አይደለም። የካቶሊክ ትምህርት ቤት ካቶሊክነቱን ሳይተው የኦርቶዶክሱን ጾም፣ የሙስሊሙን የጸሎት ሰዓት፣ የፕሮቴስታንቱን ኅሊና ሊያከብር ይችላል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ይህንኑ ያጸናል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ባወጣው ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዘመናዊው ዓለም በሚናገረው ሕገ ደንብ፣ በፆታ፣ በዘር፣ በቀለም፣ በኑሮ ደረጃ፣ በቋንቋና በሃይማኖት የሚደረገውን አድልዎ ከእግዚአብሔር ፈቃድ ጋር የሚጋጭ መሆኑን አስተምሮአል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ የሥራ ክብር ምንጩ ሠሪው ሰው መሆኑን ገልጠው አካል ጉዳተኞችም በሥራ እንዲሳተፉ አሳስበዋል።

ስለዚህ የተወደዳችሁ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በእጃችን ያለው ሥልጣን ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ኅሊናችንን እንመርምር። ባለፈው ዓመት የቀጠርናቸው ወይም ለሥልጠና የላክናቸው እነማን ናቸው? በስብሰባችን ሁልጊዜ ዝም የሚለው ማን ነው? ዝምታውስ ከምን የመጣ ነው? ስሕተታችንን ፊት ለፊት የነገረን ሰው መጨረሻው ምን ሆነ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የምንሰጠው መልስ ቢያሳፍረንም አንሽሸው፤ ጴጥሮስም የቤተ ክርስቲያን አለት የሆነው ተግሣጽ ያልደረሰበት ሰው ስለነበረ አይደለም።

ለሰው ፊት የማያዳላ አምላክ ዓይናችንን ይክፈትልን። አሜን።