ድሪቶው የማን ነው?

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ሌሊቱን አጋመስን። መነሻው ድሪቶ ነው። ሳቁ፤ እኛም መጀመሪያ ስቀናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በምትባል የጥቁሮች መንደር ትኖር የነበረችው ሚዙሪ ፔትዌይ ባሏ ሞተባት። እ.ኤ.አ. በ1942 አሮጌ የሥራ ልብሱን ቆራርጣ፣ ከልጇ ከአርሎንዚያ ጋር የአልጋ ልብስ ሰፋች፤ እሱን ልታስታውስበት፣ በፍቅሩም ልትሸፈንበት። ያ ጨርቅ ዛሬ ዋሽንግተን፣ ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ነው።

ታዲያ ተከበረ ወይስ ከቤቱ ተነቀለ? አንዳንዶቻችን፣ «የድኻ ትዝታ ለምን ብል ይብላው? መቀመጥ ያለበት የነገሥታት ካባ ብቻ ነው እንዴ?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ፣ «ሰው ሊሸፈንበት የሰፋውን ማንም እንዳይነካው አድርጎ መስቀል ምኑን ማስታወስ ሆነ?» አልን።

በዚህ መሐል የሐሪየት ፓወርስ ታሪክ ተነሣ። ሐሪየት በጆርጂያ በባርነት የተወለደች፣ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በቁርጥራጭ ጨርቅ የሣለች ሴት ናት። በ1886 አንዲት የሥዕል መምህርት ሥራዋን በትርኢት ላይ አይታ ሽጪልኝ ብትላት፣ አሻፈረኝ አለች። በ1891 ግን ችግር ጠናባት፤ 10 ዶላር ጠርታ በ5 ሰጠች። ያን ጊዜ የእያንዳንዱን ሥዕል ትርጉም አስረዳች፤ ገዢዋም ጻፈችው። ከዚያ በኋላ፣ ዘመድ እንደሚጠየቅ፣ ጨርቁን ደጋግማ እየሄደች ጠየቀችው።

ችግር የፈረደበትን ሰው «ወድዶ ሸጠ» ማለት፣ እኛ እንደሚመስለን፣ ፌዝ ነው። ይሁን እንጂ ከሽያጩ ይበልጥ የሚያስፈራን ዝምታው ነው። ይህ ሱሪ የማን ነበር፣ ጉልበቱ ላይ ለምን ሳሳ የሚል ሰው ከጠፋ፣ የቀረው ያማረ ጨርቅ ብቻ ነው። ሐሪየት ይህን ሳታውቅ አልቀረችም። ፌዝ ሪንጎልድም እንዲሁ። ይህች ሠዓሊ የመጀመሪያ ድሪቶዋን በ1980 ከእናቷ ጋር ሰፋች፤ እናቷ በሞተች በሁለተኛው ዓመት፣ በ1983፣ ታሪክን ከነጽሑፉ ጨርቅ ላይ ማስፈር ጀመረች።

ክርክሩ ሊያበቃ ሲል፣ ከመሐላችን አንዱ ፍራሹን ገለጥ አደረገና ከእናቱ የተላከለትን ድሪቶ አወጣ። ዓመቱን ሙሉ ከኛ ደብቆት ኖሯል። መሐሉ ላይ ያለው ሰማያዊ ካኪ የማን እንደነበር ጠየቅነው። ዝም አለ። ለፋሲካ አገር ቤት ሲገባ እናቱን ሊጠይቅ ነው።