ኮራሉን የገደለው ምንድን ነው?

አክሮፖራ የሚባለው ቅርንጫፋም ኮራል በቤት አኳሪየም ውስጥ ሲታመም፣ አንዳንዴ በአንድ ሌሊት ሥጋው ከአጽሙ ላይ ተገፎ ያልቃል። አንዳንዴ ደግሞ ከሥሩ ጀምሮ ሳምንታት እየፈጀ ወደ ላይ ይራቆታል። አርቢዎች የመጀመሪያውን አርቲኤን፣ ሁለተኛውን ኤስቲኤን ይሉታል። ሁለቱም ስሞች ጥፋቱ ምን ያህል እንደሚፈጥን ይናገራሉ እንጂ ከየት እንደመጣ አይናገሩም። ሐኪም «ትኩሳት አለብህ» ብሎ ብቻ ቢያሰናብተን በሽታችንን አወቀልን አንልም፤ «ኮራሌን አርቲኤን ያዘው» የሚል ሰውም ያየውን ደገመ እንጂ በሽታውን አልለየም። ታዲያ መንስኤውን ማወቅ ይቻላል? ሳያውቁትስ ማከም ተገቢ ነው?

በዓይን ብቻ የሚለይ ነገር አለ። ኮራል እንስሳ ነው፤ ሥጋው ውስጥ ግን ከብርሃን ምግብ የሚሠሩ ረቂቅ አልጌዎች ይኖራሉ፣ ቀለሙም በአብዛኛው የእነሱ ነው። ሙቀት ወይም ብርሃን ሲበረታበት አልጌዎቹን ያጣና ይነጣል፤ ያን ጊዜ ሥጋው ብርሃን እያሳለፈም ቢሆን አጽሙን እንደሸፈነ ነው፣ ፖሊፕ የሚባሉት ትናንሽ አካላቱም ይዘረጋሉ። ይህ ኮራል ሊያገግም ይችላል። ሥጋው የለቀቀበት ቦታ ግን ባዶ አጽም ነው፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሌላ አልጌ ይወርሰዋል። አክሮፖራን የሚበላው ጠፍጣፋ ትልም በአጉሊ መነጽር ይገኛል፤ ሥጋው ላይ ክብ የንክሻ ምልክት፣ ከሥሩ በተራቆተው አጽም ላይ ደግሞ እንቁላሉን ይተዋል። ቁስሉ ጠርዝ ላይ የሚርመሰመሱ ባለአንድ ሕዋስ ተሕዋስያን ሲታዩም ጥፋተኛው ተያዘ እንላለን። እዚህ ላይ ግን መቸኮል አይገባም። ሬሳ ላይ የተገኘ ሁሉ ገዳይ አይደለም፤ የሞተ ሥጋ ሸትቶት የመጣም ይኖራል።

ውሃውን መመርመር ከዚህም ይከብዳል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ፣ ጨዉ ከሺህ 35 እጅ፣ አሲድን የመቋቋም አቅሙ (አልካሊኒቲው) ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ ከ7 እስከ 11 ከሆነ ደኅና ነው እንላለን። ነገር ግን የዛሬ ልኬት የሚመሰክረው ስለ ዛሬ ብቻ ነው። አልካሊኒቲው ባለፈው ሳምንት በድንገት አሻቅቦ ከተመለሰ፣ ኮራሉን ዛሬ የሚገድለው ያለፈው ሳምንት ውሃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀን በቀን የተጻፈ መዝገብ ከውድ መሣሪያ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። መዝገብ የሌለው ሰው ምክንያት ሲፈልግ የሚያገኘው የሚያስታውሰውን ነው፤ የሚያስታውሰው ደግሞ አዲስ ያስገባውን ዓሣ ወይም የቀየረውን አምፖል እንጂ ቀስ እያለ ሲዛባ የከረመውን ጨው አይደለም።

መድኃኒቱ ከሠራስ መንስኤው ታወቀ ማለት ነው? እ.ኤ.አ. በ2014 በፍሎሪዳ፣ ማያሚ አቅራቢያ የታየውን የድንጋያማ ኮራሎች ሥጋ የሚገፍ በሽታ እንውሰድ። ከ20 በላይ ዝርያዎችን አጥቅቷል፣ ወደ ካሪቢያን ባሕርም ተዛምቷል። ጠላቂዎች ከፋርማሲ የምናውቀውን ባክቴሪያ ገዳይ፣ አሞክሲሲሊንን፣ ከቅባት ጋር ለውሰው ቁስሉ ጠርዝ ላይ ሲለጥፉት በብዙ ኮራሎች ላይ ቁስሉ ቆመ። እንግዲያው ባክቴሪያ ነው ብሎ መደምደም ይቀናል። ሆኖም በዚያው ኮራል በሌላ ጎኑ አዲስ ቁስል ሊወጣ ይችላል፤ በማይክሮስኮፕ የመረመሩ ሰዎችም ጉዳቱ ኮራሉ ከአልጌዎቹ ጋር ካለው ኅብረት የሚጀምር የሚመስል ምልክት አይተዋል፣ ቫይረስ የጠረጠሩም አሉ። ባክቴሪያው የጀመረው ላይሆን፣ የተከፈተ በር አግኝቶ የገባ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ የነገረን ባክቴሪያ በጥፋቱ እጁ እንዳለበት ነው፤ ማን እንደጀመረው ግን አልነገረንም።

የቤት አርቢ ደግሞ ኮራሉ ሲገፈፍ ባየ ቀን ውሃ ይቀይራል፣ ብርሃን ይቀንሳል፣ አዮዲን ውስጥ ይነክራል፣ ሁሉንም ባንድ ላይ። ኮራሉ ቢድን ያዳነውን፣ ቢሞት የገደለውን አያውቅም። «አንድ ነገር ብቻ ለውጥና ጠብቅ» ቢባል ለዕውቀት ትክክል ነው፤ አርቲኤን ግን ጊዜ አይሰጥም። ለማወቅ የሚበጀው ለማዳን አይበጅም። ይህን ግጭት አቅልዬ አላየውም፤ በእጃችን ያለ ሕያው ፍጥረት የጥያቄያችን መሞከሪያ ብቻ ሊሆን አይገባውም።

ኮራል ግን ከሌላው በሽተኛ የሚለይበት ነገር አለ፤ ተቆርሶ ይኖራል። ከሚገፈፈው መስመር ራቅ ብሎ፣ ጤነኛው ሥጋ ላይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሱፐር ግሉ ድንጋይ ላይ ቢጣበቅ ራሱን የቻለ ኮራል ይሆናል፤ በዘር ግን ከተቆረጠበት ጋር አንድ ነው። አርቢዎች ይህን የሚያደርጉት ለማትረፍ ነው። እኔ ግን ይኸው መቁረጥ መጠየቂያም መሆን ይችላል እላለሁ። ስድስት ቁራጭ ቢወጣ፣ ሁለቱን አዮዲን ውስጥ ነክሮ እዚያው መመለስ፣ ሁለቱን ሳይነክሩ እዚያው መተው፣ ሁለቱን ነክሮ ለብቻው በተዘጋጀ ውሃ ማቆየት ይቻላል፤ ያልታወቀ በሽታ ይዘው ሌሎች ጤነኞች ወዳሉበት አኳሪየም ግን መግባት የለባቸውም። ያልተነከሩት ቢድኑ መንከሩ አላስፈለገም ይሆናል። ለብቻ የተቀመጡት ብቻ ቢተርፉ ጥርጣሬው ወደ ቀድሞው ውሃ፣ ወይም በውስጡ ወደሚኖር አንድ ነገር ያዘነብላል። ሁለት ሁለት ቁራጭ ለፍርድ እንደማይበቃ፣ ያልተነከሩት የተነከሩትን ሊበክሉ እንደሚችሉም አልክድም። ያም ሆኖ ሁሉንም ባንድ ቀን ካደረገው ሰው የተሻለ ምስክር ይኖረናል።

ሁለቱን ሳያክሙ መተው ጭካኔ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። የደከመ ሥጋን አዮዲን ራሱ ሊገድለው ይችላል። መንከሩ እንደሚጠቅም እስካላወቅን ድረስ ያልተነከረው ተበደለ ማለት አንችልም። ጣት የምታህል አንዲት ቁራጭ ብቻ ከቀረች ግን የሚከፋፈል ነገር የለም። እሷን ንጹሕና የረጋ ውሃ፣ መጠነኛ ብርሃን፣ ጥሩ የውሃ እንቅስቃሴ ያለበት ቦታ አስቀምጦ፣ ይጠቅማል የተባለውን ሁሉ ማድረግ ነው፤ ምን እንዳዳናት ባይታወቅም።