ቀሪ የማይቀጣበት ሰዓት

«ጊዜ አጣሁ» የሚለው ቃል በከተሞቻችን የሰላምታ ያህል ተለምዶአል። ደሴ ላይ ወዳጁን በመንገድ ያገኘ ሰው ስለ ጤናውና ስለ ቤተሰቡ ጠይቆ ሳያበቃ፣ ሌላው ስለ ሩጫው ይነግረዋል። ኮምቦልቻ ደግሞ ከፋብሪካ ፈረቃ፣ ከመጋዘንና ከጭነት መኪና ጋር የምትኖር ከተማ ስለ ሆነች ሩጫው ይብስባታል። በሁለቱ መካከል ያለውን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ መንገድ ማልዶ የሚወርድ፣ ሲመሽም የሚወጣ ሠራተኛና ነጋዴ ብዙ ነው። ስለዚህ፣ ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ነገር የቀጠሮ ደብተር አያያዝ ብቻ አይደለም፤ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ሥራው ከቀኑ ሲበልጥ የትኛው ይቀድማል? የሚቀረውስ በማን ፈቃድ ይቀራል?

በወሎ ቅሬ፣ በሌላው አገር እድር የምንለው ማኅበር ሕግ አለው፤ ከቀብር የቀረ፣ ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ ይቀጣል። መሥሪያ ቤቱ ፈርሞ ካልገባው ሠራተኛ ደመወዝ ይቆርጣል። የዕቁቡ ሰብሳቢ ዕጣ በሚወጣበት ቀን ያልከፈለውን ያስጠራል። የቁምስናው ኮሚቴም ቢሆን ከስብሰባ የቀረውን በቃለ ጉባኤ ይመዘግባል። ነገር ግን ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በቤቱ የማይገኘውን አባት የሚቀጣው ማን ነው? ጸሎቱን የተወውን፣ ከሚስቱ ጋር ሳምንቱን ሙሉ ቁም ነገር ያልተነጋገረውን፣ ሦስት ቤት አልፎ የተኛውን በሽተኛ ያልጠየቀውን ማን በቀሪ ይጽፈዋል? ማንም አይጽፈውም። ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ብዙውን ጊዜ ደወልም መቀጫም የለውም። ስለዚህ ቀኑ ሲጠብ በመጀመሪያ የሚሠዋው እርሱ ይሆናል። ሰውየው ንቆት አይደለም፤ ዝም ስለሚል ብቻ ነው። ይህ ሲደጋገም ግን በመናቅና በመርሳት መካከል ያለው ልዩነት ለተረሳው ወገን እምብዛም አይታየውም።

ይህን ስል ቅሬን መንቀፌ እንዳይመስል። እንዲያውም የአባቶቻችን ብልሃት የሚታየው በዚያ ነው። ኀዘንተኛን ማጽናናት መልካም መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሆኖም መልካም ፈቃድ ብቻውን እንደማይበቃ ስለ ተረዱ ፍቅርን በቀንና በሰዓት፣ በመዋጮና በመቀጫ አሰሩት። እኛም መቀጫ ለሌላቸው ነገሮች እንዲህ ያለ ማሰሪያ ያስፈልገናል ማለት ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ፣ ከቤቱ የወጣው ሰው ልጁንና አረጋዊት እናቱን ሲይዝ ሱቁንና ዕቃውን ትቶ ሄደ። ከሁሉ የሚበልጠው የቱ እንደ ሆነ ያን ቀን መጽሐፍ የገለጠ አልነበረም። ይህን የመሰለውን ምሳሌ ሰባክያን እንወደዋለን፤ በእኔ ግምት ግን ከሚገባው በላይ ይነገርለታል። አደጋ በራፍ ላይ ሲቆም የሚመርጠው በአብዛኛው ፍርሃት ነው። አስቸጋሪው ቀን ምንም ያልተከሠተበት ተራ ማክሰኞ ነው። ያን ቀን ልጁም እናቱም በሰላም አሉ፤ የሚጠብቅ ደንበኛ፣ የሚጮኽ ስልክ፣ የተያዘ ስብሰባም አለ። ምርጫው የሚፈተነው በእንዲህ ያለ ቀን ነው።

የክሌርቮው ቅዱስ በርናርዶስ ይህን ጉዳይ ለማን እንደ ጻፈው ማስታወስ ይጠቅማል። የጻፈው ለሰነፍ ሰው አልነበረም። ቀድሞ የራሱ መነኩሴ ለነበሩትና እ.ኤ.አ. ከ1145 እስከ 1153 ዓ.ም በመንበረ ጴጥሮስ ለተቀመጡት ለር.ሊ.ጳ. ኤውጄንዮስ ሣልሳዊ ነበር። እኒህ አባት ከጧት እስከ ማታ የተሟጋቾችን ክርክር ሲሰሙ ይውሉ ነበር። ሥራው ኃጢአት አልነበረም፤ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነበር። በርናርዶስ ግን ለሁሉ ራሱን የሰጠ ሰው ለራሱ ነፍስ አንዲት ሰዓት ካልተወላት ልቡ ቀስ በቀስ እንደሚደነድንና መደንደኑም እንደማይሰማው አስጠነቀቃቸው። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ክፉ ሥራ የሚሠራ ሰው ሕሊናው ይወቅሰዋል፤ በመልካም ሥራ የደነደነው ግን ከየት ወቀሳ ያገኛል?

መድኃኒቱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በዚሁ በደቡብ ወሎ ምድር የጋስጫ ገዳም አለ። በ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ15ኛው መጀመሪያ የነበሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መጽሐፈ ሰዓታትን የደረሱ ሊቅ ናቸው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ተማሪ በነበሩ ጊዜ ለገዳሙ እህል እየፈጩ ያገለግሉ እንደ ነበር ይተረካል። እንግዲህ የሥራን ብዛት የማያውቁ ሰው አልነበሩም። በሥርዓተ ሰዓታት ቀኑና ሌሊቱ በነግህ፣ በሦስት ሰዓት፣ በቀትር፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ በሠርክ፣ በንዋምና በመንፈቀ ሌሊት ይከፈላሉ። ጸሎት ከሥራ በተረፈው ክፍተት የሚገባ ሳይሆን አስቀድሞ የሚተከል ምሰሶ ነው፤ ሥራው በምሰሶዎቹ መካከል ይዘረጋል።

ይህን በመጽሐፍ ያላየ ሰው በደሴ ገበያ ሊያየው ይችላል። አዛን ሲሰማ ሙስሊሙ ነጋዴ ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ ወደ ስግደቱ ይሄዳል፤ ሰኞ ገበያ በደራበት ሰዓት ቢሆንም እንኳ። ደንበኛው ትንሽ ይቆያል፤ ወይም ወደ ሌላ ሱቅ ያልፋል። ጎረቤቱ ክርስቲያን ሲሆን ደግሞ፣ በወሎ እንደ ተለመደው፣ ሱቁን የሚጠብቅለት እርሱ ነው። በዚህ ውስጥ ሁለት ነገር አያለሁ። የተወሰነችው ሰዓት ዋጋ ታስከፍላለች፤ ያ የሄደው ደንበኛ ላይመለስ ይችላል። ደግሞም ሰው ሰዓቱን ብቻውን ሊጠብቅ አይችልም፤ ሱቁን የሚያይለት ጎረቤት ያስፈልገዋል።

ስለ ጊዜ የሚሰብክ ሰው ግን ለማን እንደሚሰብክ ይጠንቀቅ። ሰዓቷን ለፋብሪካ የሸጠች፣ ዘንድሮ የቀን ከርሞ የሌሊት ሳይሆን በየሳምንቱ ፈረቃዋ የሚለዋወጥባት እናት «ቅድሚያ ለሚገባው ቅድሚያ ስጪ» ብትባል ስድብ ይሆንባታል። እርሷን በተመለከተ ግዴታው በቅድሚያ የአሠሪዋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖአል፤ በሳምንትም ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቆራረጠ ዕረፍት አዞአል። ከመካከላችን ሠራተኛ የሚያስተዳድር ካለ፣ የሌላውን ሰው ሰንበት የያዘ መሆኑን አይርሳ። የቤት ሠራተኛ ያለንም እንዲሁ።

አሁን ወደ ካቴኪስቶቻችን ልመለስ። ጎበዝ ካቴኪስት በአንድ ዓመት ውስጥ የመዘምራን ተጠሪ፣ የሕንፃ ኮሚቴ ጸሐፊ፣ የወጣቶች አማካሪና የቅሬ ዳኛ ሲሆን እናያለን። ሁሉም የተሰጠው ታማኝ ስለ ሆነ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ግን ልጆቹን የሚያስተምርበት ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ይታጠፋል፤ የገዛ ልጆቹም አባታቸውን የሚያዩት በቅዳሴ ሰዓት ከሩቅ ይሆናል። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ለሕዝቡ ሲፈርድ ያየው አማቱ ዮቶር ይህ መልካም እንዳልሆነ፣ እርሱም ሕዝቡም እንደሚደክሙ ነገረው፤ ሥራውንም ለሌሎች እንዲያካፍል መከረው። ሐዋርያትም የማዕዱን አገልግሎት ለሰባቱ የሰጡት ንቀውት አልነበረም። መልካምን ነገር «አልችልም» ማለት፣ ለሌላው እጅ ቦታ መልቀቅ ሊሆን ይችላል። ኮምቦልቻ ላይ በፈረቃ የሚሠራ ካቴኪስት ከሌላው ጋር ተጣምሮ አንዱ በሌለበት ሳምንት ሌላው ቢያስተምር ልጆቹ አይበተኑም።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል። ሰዓቱን አጥብቆ የሚጠብቅ ሰው ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ እንዳለፉት እንደ ካህኑና እንደ ሌዋዊው አይሆንም ወይ? ሊሆን ይችላል። የአቡነ ያዕቆብ፣ ማለት የቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ማኅበር መሥራች የሆነው ቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል፣ ድሃ ሲጠራ ከጸሎት መነሣት ከጸሎት እንደ መውጣት እንደማይቆጠር ደናግሉን ያስተምራቸው ነበር። ልብ በሉ፤ ይህን የነገራቸው በየማለዳው ለሚጸልዩ ነው። የሚነሡበት ጸሎት ነበራቸው። ለድሃው የሚነሣ ሰው ደግሞ ስሙን በኮሚቴ ዝርዝር ላይ ለማስገባት የሚነሣ አይደለም፤ ሁለቱን ጥሪዎች መለየት ከባድ የሚሆንብን፣ የሁለተኛው ጥሪ ብዙውን ጊዜ ከምስጋና ጋር ስለሚመጣ ይመስለኛል።

ስለዚህ ለካቴኪስቶች ይህን አሳስባለሁ፤ አዲስ ኃላፊነት ሲሰጣችሁ ከመቀበላችሁ በፊት የሳምንቱን ሰዓታችሁን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ፣ የልጆቻችሁን ሰዓት ጨምራችሁ፣ ወደ ቆሞሳችሁ ይዛችሁ ኑ፤ «ከዚህ የትኛው ይነሣ?» ብላችሁም ጠይቁ። መልስ የማይሰጥ ቆሞስ ሥራውን የመጨመር መብት ያለው አይመስለኝም።