ተፎካካሪ በሸሪክ ላይ የሚያመጣው ክስ

ሁለት ሰዎች ገንዘባቸውንና ድካማቸውን አንድ አድርገው በሚሠሩት ሥራ ሁሉ፥ አንደኛው በሌላው ዓይን የሚያይበትና በሌላው እጅ የሚቀበልበት ጊዜ አለ። በዚህ መተማመን መካከል ሦስተኛ ሰው ገብቶ «ሸሪክህ እየበላህ ነው» ቢል፥ ተናጋሪውም በዚያው ሥራ ተፎካካሪያቸው ቢሆን፥ ሰሚው ምን ሊያደርግ ይገባዋል? ጥያቄው የነጋዴ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ዛሬ እስከ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ድረስ ገብቶ እናገኘዋለን።

ከአዲስ አበባ ወደ መንዝ፥ በተለይም ወደ ጻድቃኔ ማርያም፥ ለጠበልና ለበረከት የሚሄደው ምእመን ብዙ ነው። ጉዞውን የሚያዘጋጁ ማኅበራትና ግለሰቦች ማስታወቂያ ይለጥፋሉ፥ ትኬት ይሸጣሉ፥ አውቶቡስ ይከራያሉ፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ. ም. ከተጀመረ ወዲህም ክፍያው በስልክ የሚገባበት ጊዜ አለ። ሁለት ሆነው ሲሠሩ አንዱ ትኬቱን ሸጦ ገንዘቡን ይይዛል፤ ሁለተኛው ከመኪናው ባለቤት ጋር ይዋዋላል፥ ማደሪያና ስንቅ ያሰናዳል። እንግዲህ ሌላ ጉዞ አዘጋጅ ወደ ሁለተኛው መጥቶ «ባልንጀራህ አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው ሸጧል፤ ለሕንፃ ማሠሪያ ይውላል ያለውንም ትርፍ ለራሱ አድርጓል» አለው እንበል።

በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ወዲያው ያምናል፤ ሌላው «ይህ ቅናት ነው» ብሎ ተናጋሪውን ያሰናብታል። ሁለተኛው ታማኝነት ስለሚመስል ይመሰገናል፤ እኛ ግን ከፊተኛው ብዙ የሚሻል ሆኖ አላገኘነውም። ተፎካካሪነቱ ተናጋሪውን ያስጠረጥረዋል እንጂ ነገሩን ሐሰት አያደርገውም። እንዲያውም በአንድ ሥራ የሚሽቀዳደም ሰው የባልንጀራውን ጉድለት ከወዳጆቹ ቀድሞ ያያል፤ ወዳጅ ሊያይ አይወድምና። ግያዝ ከንዕማን ብርና ልብስ ተቀብሎ በደበቀ ጊዜ የነቢዩ የኤልሳዕ የቅርብ አገልጋይ ነበረ።

ሳይመረምሩ ማመን ወዴት እንደሚያደርስ ደግሞ የሲባ ታሪክ ያሳያል። ዳዊት ከአቤሴሎም ሸሽቶ ሲወጣ፥ ሲባ የተጫኑ አህዮች እየነዳ ተቀበለውና ጌታውን ሜምፊቦስቴን «መንግሥት ይመኛል» ሲል ከሰሰው። ዳዊትም ተከሳሹን ሳይጠይቅ የሜምፊቦስቴን ሀብት ሁሉ ለከሳሹ ሰጠ። በኋላ ግን ሽባው ሜምፊቦስቴ ጢሙን ሳይቆርጥ ልብሱንም ሳያጥብ መጥቶ ሲባ እንዳታለለው ተናገረ፤ ንጉሡም ርስቱን እኩል ተካፈሉ አለ። ማን እንደ ዋሸ ሳይጣራ ርስቱ ተከፈለ። ስለ ርስት ሲሟገት የኖረው የመንዝ ሰው ይህን ፍርድ ቢሰማ ዝም ብሎ ይቀበለው ኖሯል ብለን አናስብም።

በአገራችንም በቀድሞው ዘመን ሌባ ሲጠፋ ሕዝቡ በአፈርሳታ ይቀመጥ ነበር። በዚያም ስሙን ሳይገልጥ ምስጢር የሚያወጣው ሰው «ወፍ» ይባላል። ወፉ እውነቱን ሊያወጣ ይችላል፤ ቂሙን ለመወጣት ግን እንደዚህ የሚመች ሥፍራ የለም። ስለዚህ ክስ ይዞ ለመጣው ተፎካካሪ የመጀመሪያው ጥያቄ «አየህ ወይስ ሰማህ?» የሚል፥ ሁለተኛውም «ይህን በፊቱ ትናገራለህ?» የሚል ሊሆን ይገባል። እምቢ ቢል ቃሉ ይቀላል፤ ነገር ግን ሊመረመር የሚችል ነገር ካለበት በዚህ ብቻ አይጣልም።

ምርመራውም ከሸሪኩ ይጀመራል፥ ያውም ለብቻው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያሳየው ሥርዓት ይህ ነው፤ በመጀመሪያ ሁለቱ ብቻ፥ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ምስክር ጋር፥ ከዚያም በጉባኤ። ሸሪኩ ወሬውን ከሰው አፍ ሳይሰማ ከባልንጀራው ሊሰማው ይገባል። ከዚያም ሁለቱ ተቀምጠው በጥራዙ ላይ የቀረውን የትኬት ቁራጭ ከአውቶቡሱ ወንበር ቁጥር፥ የቴሌብሩን መልእክት ከደብተሩ፥ የኪራዩን ውል ከተከፈለው ገንዘብ ጋር ያመሳክሩ። «አታምነኝምን?» የሚል ቅሬታ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን በጉ የአንዱ፥ ጥበቃው የሌላው ሆኖ ግልገል በሚካፈሉበት ሥራ፥ አውሬ በላው የሚል እረኛ ቅሪቱን ቢያሳይ ክብሩ አይነካም፤ የኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 22ም አውሬ የሰበረውን ለምስክር እንዲያመጣ ያዘዋል።

ጉድለት ቢገኝ፥ የሁለቱ ክርክር እስኪያልቅ ተጓዡ ሊጠብቅ አይገባውም። ወንበሩ ሁለት ጊዜ የተሸጠበት ሰው ገንዘቡ አስቀድሞ ይመለስለት። በኅብረት ሽርክና ማኅበር ሸሪኮች በማኅበሩ ዕዳ በአንድነትም በተናጠልም እንደሚጠየቁ የንግድ ሕጋችን ይደነግጋል፤ «እኔ አውቶቡስ ብቻ ነበር የምከራየው» ማለት ለከፈለው ድኻ መልስ አይሆንም።

ክሱ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ፥ የተፎካካሪን ሥራ በሐሰት ቃል ማጉደፍን በ1952 ዓ. ም. የወጣው የንግድ ሕግ በ133ኛው አንቀጽ ከአግባብ ውጭ የሆነ ውድድር ብሎት ነበር፤ የ2006 ዓ. ም. አዋጅ ቁጥር 813ም እንዲሁ ይከለክለዋል። ስለዚህ በሽማግሌ ወይም በዳኛ ፊት መሄድ የተፈቀደ ነው፤ የዚያን ሰው ነውር ፈልጎ በየደብሩ ማዞር ግን ሸሪኩን ነጻ አያወጣውም። ሐሜቱ የደረሰበት ሥፍራ ሁሉ የምርመራው ውጤት ከነሒሳቡ ይነገር።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያስልክ፥ ማንም ሳይከሰው አስቀድሞ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲሄድ አድርጓል፤ ነቀፋ እንዳይነሣ መጠንቀቁንም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክት፥ በምዕራፍ 8፥ ይናገራል። የጉዞ አዘጋጆችም ከእነርሱ ውጭ የሆነ አንድ ሰው፥ ከተጓዦቹ መካከል የተመረጠ ቢሆን ደግ ነው፥ ትኬቱን ከአውቶቡሱ በር ላይ እንዲቆጥር ቢያደርጉ፥ ሒሳቡም በመመለሻው መንገድ ደብረ ብርሃን ሳይደረስ ለሁሉ ቢነበብ፥ ተፎካካሪው ይዞት የሚመጣው ወሬ የሚመዘንበት ነገር አስቀድሞ በተጓዡ ሁሉ እጅ ይገኛል።